የተበየደው ዲፈረንሻል

ይሳቅን የማያውቅ የድሬዳዋ ሾፌር አለ ከተባለ ወይ መኪና የለውም ወይ ይዋሻል። ጋራዡ ከእኔ የመለዋወጫ ሱቅ ጋር ግድግዳ ይጋራል፤ ጋራዥ ከተባለ ነው እንግዲህ። አንድ የኒም ዛፍ፣ ከዛፉ ላይ የተወጠረ ሸራ፣ አንድ ጉድጓድ፣ አንድ ሞርሳና ራሱ ይሳቅ። ሞተር አይነካም። ፍሬን ካልለመኑት አይሠራም። የእሱ ሙያ ከመኪና ሆድ ሥር፣ ከኋላ በኩል የተንጠለጠለችው ድንቡሼ ብረት ናት፤ ዲፈረንሻል። የሞተሩን ጉልበት ተቀብላ ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የምታካፍለው እሷ ናት። መኪና ሲታጠፍ የውጪው ጎማ ብዙ፣ የውስጠኛው ትንሽ እንዲዞር የምትፈቅደውም እሷው ናት። ይህንን መቶ ጊዜ አስረድቶኛል፤ አንድም ቀን ሳልጠይቀው።

ለስላሳ ሰው እንዳይመስላችሁ። ኩሩ ነው፣ ቁጡ ነው፣ ሲሳሳት አያምንም። አንድ ጊዜ የአንዱን ደንበኛ፣ የዐብዲራዛቅን ፒክአፕ ኩሽኔታ፣ ዘንጉ የሚሽከረከርበትን ቀለበት፣ ገልብጦ ገጥሞ፣ ጥፋቱ የሠሪው ፋብሪካ ነው ብሎ ሳምንቱን ሙሉ ሲከራከር ሰፈሩን አደንቁሮታል። ግን አንድ ልማድ ነበረው። ደንበኛ ሲመጣ መኪናዋን አያያትም። «መንገድህን አሳየኝ» ይለዋል። ከጎኑ ይቀመጥና ሰውየው በየቀኑ በሚሄድበት ያስነዳዋል፤ ከሳቢያን ቀፊራ፣ ከቀፊራ ታይዋን ገበያ፣ የትም ይሁን። እሱ ዐይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ሲመለሱ ደግሞ «ከኋላ ማን ነው የሚቀመጠው?» ብሎ ይጠይቃል። ጭነት ከሆነ አንድ ነገር ይመርጣል፣ ልጆች ከሆኑ ሌላ። እኔ ዕቃ ልሸጥ ተሰናድቼ እሱ ሽርሽር ሲሄድ ደሜ ይፈላ ነበር። ካለፈው ሚያዝያ ወዲህ ግን ያን ጥያቄ ሲጠይቅ ሰምቼው አላውቅም።

ነገሩ ከሳሌም ይጀምራል። ሳሌም የጋሽ ገብረወልድ ልጅ ናት። ጋሽ ገብረወልድ ዕድሜያቸውን ምድር ባቡር የጨረሱ ሰው ነበሩ፤ ጡረታ ሲወጡ አንዲት ነጭ ዲኤክስ ገዝተው እንደ ሦስተኛ ልጅ አሳደጓት። ዲኤክስ ለማያውቅ፣ የድሮ ቶዮታ ናት፤ ትንሽ፣ ቀላል፣ ጉልበቷ የኋላ ጎማዋ ላይ የሆነ፣ ጎረምሳ ሁሉ የሚያብድላት። ጋሽ ገብረወልድ ዐይናቸው ሲደክም መኪናዋን ወደ ይሳቅ የምታመጣው ሳሌም ሆነች። ዘይት ለማስቀየር የመጣች ልጅ ግማሽ ቀን ዛፍ ሥር ተቀምጣ ስትስቅ ዕውር አይደለሁም፣ አየሁ። ይሳቅ የዚያን ሰሞን ሲሠራ ያፏጭ ነበር።

አባትየው ካረፉ በኋላ ይሳቅ ሽማግሌ ላከ። አንዱ ሽማግሌ የእኔው ባል አብዲቃድር ነበር። የሳሌም እናት የኔነሽ ሽማግሌዎቹን በወግ አስቀምጣ፣ በወግ ጋብዛ፣ በወግ መለሰቻቸው። «ልጄን የግሪስ ልብስ እንድታጥብ አላስተማርኳትም» ነው ያለችው። ሳሌም ምን አለች? ማን ጠየቃት! ይሳቅ መልሱን ሲሰማ «እሺ» ብሎ ጉድጓዱ ውስጥ ወረደ። ማፏጨቱ ቀረ።

ሁለት ዓመት አለፈና ሳሌም ለሽመክት ታጨች። ሽመክት የሐረር ልጅ ነው፤ እዚያው የመንግሥት ቢሮ ይሠራል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ለወሬዬ በቀለለኝ። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ፣ በሚያዝያ እሁድ ቀን ሆነ። ምሳው ድሬ ይበላና ሙሽሮቹ በመኪና አጀብ የደንገጎን ተራራ ወጥተው ሐረር ይገባሉ። ድሬ ደግሞ የሙሽራ መኪና ለገሃር አደባባይን በጥሩምባ ደጋግሞ ሳይዞር ከከተማ ከወጣ፣ ሠርጉ እንዳልተሠረገ ነው የሚቆጠረው።

ሠርጉ ሊደርስ ሲል የሳሌም ታናሽ ወንድም ናሁሰናይ ዲኤክሷን ይዞ ይሳቅ ደጃፍ ቆመ። ናሁሰናይ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ጥገና ክፍል ይሠራል፤ ሳቂታ፣ ችኩል፣ እናቱ የምትሳሳለት ልጅ። ከአባቱ ሞት ወዲህ መኪናዋን ዝቅ አድርጓታል፣ ሰፋፊ ቸርኬ አግብቶላታል፣ የጭስ ማውጫዋን ማርሚታ ቀይሮ ሳቢያንን እንቅልፍ ነስቷል።

«ሳሌም ከአባቷ ቤት በአባቷ መኪና ነው የምትወጣው» አለ። «እኔ ነኝ የምነዳት። ይሳቅ፣ አንድ ነገር ሥራልኝ። ሁለቱም የኋላ ጎማ እኩል ይጎትት። ለገሃር ስዞር አስፋልቱ ይጩህ!»

ይሳቅ እጁን በጨርቅ ጠረገ። የሳሌምን ስም ሲሰማ ፊቱ ላይ ምንም አልታየም፤ እኔ ግን ጨርቁን ነው ያየሁት፣ ሲያጠብቀው። «መንገድህን አሳየኝ» አለው።

ሱቁን ለአብዲቃድር ትቼ እኔም ከኋላ ገባሁ። አንዲት ሊሚትድ ስሊፕ የሚሏት ዲፈረንሻል ከጅቡቲ በመጣ ዕቃ መሐል ደርሳኝ ነበርና የምትሸጥ ከሆነ ልስማ ብዬ ነው። ሳቢያንን አቋረጥን፣ ፓርኩ ደርሰን ተመለስን፣ የደንገጎን ዳገትም ትንሽ ቀመስነው። ይሳቅ ዐይኑን አልገለጠም።

«አሸዋ ትገባለህ?» አለው።

«አልገባም።»

«ዳገትስ?»

«ለሠርጉ። ከዚያ ወዲያ አልፎ አልፎ።»

«እንግዲያው የአስፋልት ሰው ነህ። ከኋላ ማን ነው የሚቀመጠው?»

«ሙሽራዋ ናታ! ስንት ጊዜ ልንገርህ አቦ!»

ይሳቅ መልሱን ያውቀው ነበር። ለምን እንደጠየቀ አላህ ይወቅ።

ሱቄ ስንመለስ ያቺን ዕቃ ጠረጴዛ ላይ አወጣሁለት። ይሳቅ ለናሁሰናይ አስረዳው፤ እንዲህ ያለ ትዕግሥት እንዳለው አላውቅም ነበር። ውስጧ እንደ ፍሪሲዮን የተደራረቡ ሳህኖች አሉ። አንደኛው ጎማ ሲንሸራተት ሳህኖቹ ይጨብጡና ሌላኛው እንዲጎትት ያደርጋሉ፤ መታጠፊያ ላይ ደግሞ ሸርተት ብለው ይለቃሉ። ለከተማ መንገድ ከዚህ የተሻለ የለም አለው። ችግሩ አብሯት የመጣው ጥርስ ነው። ይቺ አራት ነጥብ ሦስት ናት፣ የዲኤክሷ ሦስት ነጥብ ዘጠኝ፤ ጎማው አንዴ ሲዞር ከሞተሩ የሚመጣው ዘንግ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ማለት ነው።

«ቁጥሩ ሲበዛ ዳገት እንደ ፍየል ትወጣለህ፤ ሜዳ ላይ ግን ሞተሩ ይጮህብሃል፣ ነዳጅ ይጠጣብሃል» አለው። «ቁጥሩ ሲያንስ ሜዳው ይቀልሃል፣ ዳገት ላይ ማርሽ ትቀንሳለህ፣ በቃ። የአንተ መንገድ ሜዳ ነው። ስለዚህ የራስህን ጥርስ አውጥቼ እዚህች ላይ እገጥምልሃለሁ። ግን ትልቁና ትንሹ ጥርስ በወረቀት ውፍረት ልክ ነው የሚነካኩት። ከተቸኮለ ይበላላል። ለሠርጉ አይደርስም። ለሠርጉ እንዳለች ተዋት፣ ደህና ናት። ከዚያ በኋላ ይዘሃት ና።»

«እኔ የምፈልጋት ለሠርጉ ነው።»

«ሰማሁህ። አይደርስም።»

«እንግዲያው ያለችውን በይዳት። ጥርሶቹን እርስ በርስ በይዳቸው፣ ያው እኩል ይዞራሉ። ስልክ ላይ አይቻለሁ፣ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው።»

«የምታየው በባዶ ሜዳ ለጨዋታ የሚነዳ መኪና ነው። እኔ ሰው የሚቀመጥበትን አልበይድም።»

ናሁሰናይ ቁልፉን ከጠረጴዛው አነሣ። ልጅ ነው፤ የመጣለትን ነው የሚናገረው። «ይሳቅ፣ እህቴን የከለከልኩህ እኔ አይደለሁም» አለና ወጣ። ይሳቅ ተከትሎት ሊወጣ ሲል ክንዱን ያዝኩት። ዛሬም ድረስ «ያኔ ምነው ባልያዝኩት» እላለሁ፤ ቢመታቱ ኖሮ ምናልባት መኪናዋ ተሰባብራ ከሠርጉ ትቀር ነበር እኮ።

ከሁለት ቀን በኋላ ረፋድ ላይ ሻይ ይዤ ዛፉ ሥር ቆሜያለሁ። ዲኤክሷ ከማዶ መታጠፊያው ላይ ብቅ አለች፣ ቀስ ብላ፣ ከሰው እርምጃ ብዙም ያልፈጠነች። ስትታጠፍ ጎማዋ ጮኸ። ሩጫ የለ፣ ፍሬን የለ፣ ዝም ብሎ ጩኸት፤ ኋላዋም እንደ አንካሳ ዘለል ዘለል አለ። ይሳቅ ከጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ ሰማ። ወጥቶም አላየም።

«በየዳት» አለ።

በር የሚሠራ ብየዳ ቤት ወስዶ አስበይዷት ነበር። እኔ ምኑ እንደሚያስፈራ አልገባኝም፤ «ጎማው ቶሎ ያልቅበት ይሆናል እንጂ» አልኩ። ይሳቅ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀመጠ። «አባዮ ፋዱማ» አለኝ፤ ሲጨነቅ ነው በሶማሌኛ እህቴ የሚለኝ፤ «ሁለቱ ጎማዎች አሁን እኩል ከመዞር ሌላ ምርጫ የላቸውም። መታጠፊያ ላይ አንዱ የግድ መንሸራተት አለበት። አስፋልቱ እምቢ ሲል ጥምዘዛው የሚያርፈው ሴሚያሱ ላይ ነው፣ ጎማውን ይዞ የሚያዞረው ዘንግ ላይ። ዘንጉ የጋሽ ገብረወልድ ዘመን ዘንግ ነው። ዲኤክስ ላይ ደግሞ እሱ ከተሰበረ ጎማው ቦታው ላይ አይቀርም፣ የተሰበረውን ዘንግ ይዞ ይወጣል።»

«የት ነው የሚሰበረው?»

«መጀመሪያ ሲሽከረከር ይደክማል። አደባባይ ላይ በለው። ከዚያ ጉልበት ሲበዛበት፣ ዳገትና መታጠፊያ ሲገናኙበት።»

ሁለታችንም ቀና ብለን ተራራውን አየነው። ደንገጎ ላይ ዳገትና መታጠፊያ እንጂ ሌላ ነገር የለም። እሁድ ደግሞ ሳሌም ከዚያች መኪና የኋላ ወንበር ላይ ትቀመጣለች።

«ሂድና ንገራቸው» አልኩት።

«እኔን ነው የሚሰሙት?»

«እኔም አብሬህ እሄዳለሁ፣ ተነሥ!»

የኔነሽ ግቢ ድንኳን ተተክሏል፣ ሽንኩርት ይላጣል፣ ቅቤ ይነጠራል፤ ለእኛ ለእስላሞቹ ምግብ የሚሠራበት ዳስ ደግሞ ለብቻው በወግ ተለይቷል። የኔነሽ እኔን ስታይ ሳቀች፣ ከኋላዬ ይሳቅን ስታይ ሳቋን ዋጠችው። ይሳቅ ቆሞ ነገራት። አላሳመረውም፤ ማሳመር አያውቅበትም። «እማማ የኔነሽ፣ ያቺ መኪና ደንገጎን አትወጣም። ጎማዋ ይወጣል። ሳሌምን አታስገቢያት» አላት።

ሽንኩርት የሚልጡት ሴቶች ቢላዋቸውን አቆሙ። አንዷ አማተበች።

«ሠርግ ቤት ሟርት ይዘህ ትመጣለህ?» አለች የኔነሽ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሁለት ዓመት ሙሉ አልበረደልህም?»

«ስለ ብረት ነው የማወራሽ።»

«ስለ ብረት! ልጄ ፋብሪካ ሙሉ ማሽን ያድሳል፣ ብረት አያውቅም? ፋዱማ፣ አንቺስ? ከአንቺ አልጠብቅም ነበር።»

እኔ መጮህ ጀመርኩ። ስጮህ ደግሞ ነገር እንደማበላሽ አውቃለሁ፣ ግን ዝም ማለት ከየት ይምጣ። በዚህ መሐል ሳሌም እጇ ላይ ሂና ተቀብታ በሩ ላይ ብቅ አለች። ይሳቅ አያት። «ሌላ መኪና ግቢ» አላት፣ ይህን ብቻ። እናቷ ትከሻዋን ይዛ ወደ ውስጥ መለሰቻት። እኛንም ግቢው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ በዐይኑ እየገፋ አስወጣን። መንገድ ላይ «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» የሚለው የአማሮች ተረት ጆሮዬ ላይ እንደ ዝንብ ይዞረኝ ጀመር። ጮክ ብዬ አልተናገርኩትም፤ እኔም ሟርትን እፈራለሁ።

እሁድ ሙቀቱ ሌላ ነበር። ከተማው ላይ ፀሐይ፣ ተራራው ላይ ግን ጥቁር ደመና ከነጋ ጀምሮ አልተነሣም። በላን፣ ጨፈርን፣ «ሙሽራዬ» ተባለ። የኔነሽ እኔን ስታይ ፊቷን አዞረች፤ ምግቡን ግን አስደግማ አስጨመረችልኝ፤ እንዲህ ናት። ከሰዓት በኋላ ሳሌምና ሽመክት ዲኤክሷ ኋላ ገቡ፣ አንድ ሚዜ ፊት ተቀመጠ፣ ናሁሰናይ መነጽሩን አድርጎ መሪውን ያዘ። የኔነሽ እንደ ወጉ እቤት ቀረች። እኔና አብዲቃድር በፒክአፓችን ከአጀቡ መጨረሻ ተሰለፍን።

ለገሃር ስንደርስ ናሁሰናይ አደባባዩን ያዘ። ጎማው ጮኸ። ሕዝቡ እልል አለ። እንደገና ዞረ፣ ጎማው ከፊተኛው የባሰ ጮኸ፣ እልልታውም የባሰ ሆነ። ጎረምሶች በስልካቸው እየቀረጹ «ድገም! ድገም!» ይላሉ። አስፋልቱ ላይ ጥቁር ክብ ተሠራ፣ የተቃጠለ ጎማ ሽታ አፍንጫችንን ሞላው። እኔ በጭብጨባው መሐል እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ «በቃ በለው፣ ያ ረቢ፣ በቃ በለው» እላለሁ።

ይሳቅ አልተጠራም። ከባቡር ጣቢያው አጥር ሥር ቆሞ ነበር፤ ያየሁት ሮጦ ፒክአፓችን ላይ ሲንጠለጠል ነው። በመስኮት አንገቱን አስገባ።

«ሰማችሁ?»

«ምኑን? ጥሩምባ እንጂ ምን ይሰማል?»

«ጠቅ አለ። በመጨረሻው ዙር። ተሰንጥቋል። አብዲቃድር፣ ቅደማቸው!»

ባሌ በሕይወቱ ሰው ቀድሞ የማያውቅ ሰው ነው፤ ወረፋ ላይ እንኳ። ያን ቀን ግን ጥሩምባውን ተጭኖ አጀቡን ሁሉ በግራ አለፈ። የደስታ መስሏቸው እጃቸውን ያወዛውዙልን ነበር። ከከተማው መጨረሻ ቤቶች አልፈን፣ ዳገቱ ሊጀምር ሲል፣ ፒክአፑን መንገዱ ላይ አጋደመው። ዲኤክሷ ጮኻ ቆመች።

ይሳቅ ወርዶ ከመኪናዋ አፍንጫ ፊት ቆመ፤ ጉልበቱ አፍንጫዋን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ናሁሰናይ በመስኮት «ወርያ! ዞር በል!» አለው። ሌሎቹ መኪኖች ከኋላ እየተደራረቡ ቆሙ፣ ሚዜዎች ወረዱ፣ አንዱ የይሳቅን ኮሌታ ያዘ። ይሳቅ ወደማንም አላየም። ድምፁን ከፍ አድርጎ «ሳሌም፣ ውረጂ» አለ። «ከፈለግሽ ነገ ስደቢኝ። ከፈለግሽ ዕድሜሽን ሙሉ ስደቢኝ። አሁን ውረጂ።»

ከዚያ አስፋልቱ ላይ ተንበረከከ። ይሳቅ ነው እንግዲህ ይሄ፣ ኩሽኔታ ገለበጥክ ቢሉት ከፋብሪካ ጋር የሚጣላው። ከሰዎቹ ውስጥ የሳቁ ነበሩ። በአላህ ስም እምላለሁ፣ የሳቁትን ፊታቸውን አንድ በአንድ አልረሳሁም።

የኋላው በር ተከፈተ። ሳሌም ነጭ ቀሚሷን በሁለት እጇ ሰብስባ ወረደች።

«ሳሌም!» አለ ሽመክት።

«አባዬ ይቺን መኪና ከዚህ ሰው በቀር ለማንም አያምንም ነበር» አለችው። «እኔ በሌላኛዋ እሄዳለሁ። ና፣ አብረን እንሂድ።»

ሽመክት ፊቱ እሳት መሰለ፤ ግን ወረደ። ሚዜውም ወረደ። ሳሌም ወደ ናሁሰናይ መስኮት ጎንበስ ብላ «አንተም ተዋት፣ እባክህ» አለችው። ናሁሰናይ መነጽሩን አላወለቀም፣ ከሥሩ ግን ዕንባው ይታይ ነበር። ድሬ ሁሉ እየቀረጸ፣ በእህቱ ሠርግ፣ በአባቱ መኪና፣ ባዶ ወንበር ይዞ ቀረ። «ባዶዋንም ቢሆን አወጣታለሁ» አለ። «ሐረር ላይ ቆሜ እጠብቃችኋለሁ። ያኔ ማን ሟርተኛ እንደሆነ ይታያል።»

ሳሌምና ሽመክት ሁለተኛው መኪና ውስጥ ገቡ። በሩ ተዘጋ። ይሳቅ ከተንበረከከበት ተነሣ፣ ጉልበቱን አራገፈ፣ ወደ መንገዱ ዳር ወጣ። አብዲቃድርም ፒክአፑን አነሣ። ናሁሰናይ ሞተሩን አስጮኸና ሄደ።

አጀቡ ተከተለው። እኛ ይሳቅን መሐላችን አስቀምጠን ከሙሽሮቹ መኪና ኋላ ሆንን። ዳገቱን ስንጀምር ያ ደመና ወረደብን፤ ካፊያ ሆነ፣ መንገዱ ጠቆረ፣ ጥሩምባው ግን አልቆመም። ናሁሰናይ ርቆናል፤ ከላይ ከላይ በየመታጠፊያው የማርሚታው ድምፅና የጎማው ጩኸት ይሰማል። ይሳቅ ዐይኑን ጨፍኖ ነበር። አንድ መታጠፊያ ጮኸ። ሌላ ጮኸ። ከዚያ የጮኸ ነገር የለም።

መጀመሪያ ያየነው ጎማውን ነው። ከላይ ከጭጋጉ ውስጥ ብቻውን እየነጠረ ቁልቁል መጣ፣ ሰፊው ቸርኬ ውሃ እየረጨ፣ ሙሽሮቹን በጎን አለፋቸው፣ እኛን አለፈን፣ ጠርዙን ዘሎ ገደል ገባ። ከኋላችን ጥሩምባው አንድ በአንድ እየጠፋ ሄደ። አብዲቃድር ሲያቆም ይሳቅ ወርዶ ወደ ላይ ይሮጥ ነበር፤ ሳሌምም በዚያ ቀሚስ ከኋላው።

ናሁሰናይ እዚያው ነው ያረፈው። ከዚህ በላይ አልነግራችሁም፤ እናት አለችው። ይሳቅ የተሰበረውን ዘንግ አየው። የስብራቱ ፊት ግማሹ የጠቆረ፣ ግማሹ እንደ አዲስ ብር የሚያበራ ነበር። ጥቁሩ ቀድሞ የተሰነጠቀው ነው አለ፤ ለትራፊክ ፖሊሱም ይህንኑ ተናገረ። ፖሊሱ ብየዳውን አይቶ ጉዳዩን ተረዳ። ከተማው ግን ብረት አያይም። ማግስቱን ታይዋን ገበያ ስሄድ «ቡሎኑን ራሱ አላልቶት ነው፣ አለዚያ እንዴት ያውቃል?» ሲሉ ሰማሁ። «ረግሞት ነው» የሚልም ነበር። የሰደብኩትን ስድብ እዚህ አልጽፈውም።

የሠርጉ ድንኳን ሳይፈርስ የለቅሶ ድንኳን ሆነ። ጌጡን ብቻ አወረዱት። ይሳቅ በቀብሩ ቀን ከሰው ኋላ ቆሞ ነበር፣ ድንኳኑ ግን አልገባም። በሣልስቱ ገባ። እኔ የኔነሽ አጠገብ ተቀምጬ ነበር፤ ከወዲያ በኩል ሳሌም ጥቁር ለብሳ፣ የእጇ ሂና ገና ሳይለቅ። አንዱ የሰፈር አዋቂ ነኝ ባይ ይሳቅን ሲያይ ሊያጽናና ነው መሰለኝ «ምን ይደረግ፣ ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ነው» አለ። ልነሣበት ስል የኔነሽ «ፋዱማ፣ ተዪ» አለችኝ። ከዚያ ይሳቅን በእጇ ጠራችው። ፊቷ መጥቶ ተቀመጠ።

«ስለ መኪናው አልጠይቅህም» አለችው። «ነግረኸኝ ነበር፣ ሟርት አልኩህ፣ እሱ የእኔ ነው። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ከፊቱ ቆመህ እንደነበር ሰምቻለሁ።»

«ነበርኩ።»

«ልጄ አስነሥቶ ሲሄድስ የት ነበርክ?»

«መንገዱ ዳር።»

ልመልስለት አፌን ከፈትኩ። ማን ያቆመው ነበር፣ ለመንነው፣ እህቱ ለመነችው፤ ሁሉም እውነት ነው። ይሳቅ አንገቱን ነቅንቆ ዝም አሰኘኝ።

«ሳሌም ወረደች» አላት። «እሷ ስትወርድ የፈራሁት ነገር ያለቀ መሰለኝ። ናሁሰናይ ትዝ አላለኝም።»

ሳሌም ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ሰው ይጮህበታል፣ እናት ትነሣበታለች ብዬ እጄን አዘጋጀሁ። የኔነሽ ግን አልተነሣችም። የይሳቅን እጅ ከጉልበቱ ላይ አነሣችና፣ ጥፍሩ ሥር የማይለቀውን ጥቁሩን ግሪስ እያየች፣ በሁለት እጇ ያዘችው።

«ሽማግሌ ስትልክ እሺ ብዬህ ቢሆን ናሁሰናይ ወንድምህ ይሆን ነበር» አለችው። «ወንድምህ ቢሆን ከመንገዱ አትነሣም ነበር።»